ከጎዳና ወደ ዝግ ትራክ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አማተር የስፖርት መኪና ውድድር ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ውድድሩ ከሕዝብ ጎዳና ለውድድር ብቻ ወደ ተሠራ ዝግ ትራክ የተዛወረው ለገቢ ሲባል ብቻ እንደሆነ አስመስሎ ማቅረቡ ትክክል አይመስለኝም፤ የደኅንነት ጉዳይም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 በኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በተባለ መንደር የተካሄደው ውድድር 6.6 ማይል በሚሆን፣ የጠጠር መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ጭምር ባለበት መስመር ላይ ነበር (ለዚሁ ሲባል ባቡሩ እንኳ እንዲቆም ተደርጓል)፤ ተመልካቹም ያለ በቂ መከላከያ ከመንገዱ ጠርዝ ይቆም ነበር። በ1952 አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን በመኪና ተገጭቶ ሲሞት በመንደሩ ዋና ጎዳና መወዳደር አበቃ። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢችም በጥድ ዛፎች መካከል ይደረግ የነበረው ውድድር በ1956 ተወዳዳሪው ኧርኒ ማካፊ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ከሞተ በኋላ ቀርቶ፣ በማግስቱ ዓመት የላጉና ሴካ ትራክ ተከፈተ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ