ለተሾመ፣ ከድሬዳዋ

ይድረስ ለወንድሜ ተሾመ፤

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ የምጽፍልህ ቸግሮኝ ነው። ለእናትህ ለቅሶ አለመድረሴ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እሱን በወረቀት አልጨርሰውም፤ እቤትህ መጥቼ ነው ይቅርታ የምጠይቅህ። አሁን ግን ፍሬሾቹ ሊገቡ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፣ የዶርም ድልድሉም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

የግቢ ኃላፊ ድልድል ውስጥ ምን አስገባው እንደምትል አውቃለሁ። አቦ ስማኝ! የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ከወጣ ወዲህ የምንሰበሰበው ስለ ቦርድና ስለ ገቢ ነው። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተናው መጣ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ሁሉም ተገቢ ነው። ስድስት የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ግን በአጀንዳ ተይዞ አያውቅም። ለእኔ ግቢው የሚሠራውም የሚፈርሰውም እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬጅስትራር ዝርዝር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይወጣል፤ የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ፣ ፕሮክተሮቹ፣ ከላይ ጀምረው ስድስት ስድስት እየቆረጡ ክፍል ይሰጣሉ። ማንም ለማንም ያላደላ ይመስላል። አገራችን ውስጥ ግን ስም ብዙ ይናገራል። አብዱልአዚዝ፣ አብዱልከሪምና አብዱራህማን አንድ ክፍል ይገባሉ፤ ገብረመድህን፣ ገብረሚካኤልና ገብረሥላሴ ሌላ ክፍል። ሙሐመዶቹ ብቻቸውን ኮሪደር ይሞላሉ። ማንም ሳያስበው ብሎኩ ተከፋፍሎ ያድራል። አዳራሽ ሰብስበን ስለ አብሮነት ብንናገርም ልጁ ሲመሽ የሚመለሰው እዚያው ክፍል ነው። አንተንና እኔን፣ ቶፊቅንና ቶሎሳን አንድ ክፍል ያገናኘችን ‹ቲ› ናት። ለእኛ ደግ ሆነችልን፣ ‹ኤ› እና ‹ጂ› ለደረሳቸው ግን እንደዚያ አይሆንም።

መፍትሔው እንደ ካርታ ማደል ነው። 1,800 ልጅና 30 ሴክሽን፣ ማለትም አብሮ የሚማር ቡድን፣ አለ እንበል። 1ኛውን ስም ለሴክሽን 1፣ 2ኛውን ለሴክሽን 2 እያልክ ትወርዳለህ፤ 31ኛው ተመልሶ ሴክሽን 1 ይገባል። ከዚያ የሴክሽኑን ወንድና ሴት ትለያለህ። ከ60ው ወንዶቹ 36 ቢሆኑ ስድስት ክፍል ይይዛሉ፤ 1ኛው፣ 7ኛው፣ 13ኛው፣ 19ኛው፣ 25ኛውና 31ኛው አንድ ላይ ያድራሉ። ሴክሽን የሚቀድመው በምክንያት ነው። የተለያየ ሴክሽን ልጆች አንድ ክፍል ካስገባህ አንዱ ፈተና ጨርሶ ሲዝናና ሌላው ለነገ ያጠናል፤ በመብራትና በቁልፍ የተነሳ ሳምንት ሳይሞላ ይኳረፋሉ።

ዘግይተው ለሚመጡት ሙሉ ክፍል ባዶ ማስቀመጥም ስህተት ነው። አብረው የሚዘገዩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መንገድ ልጆች ናቸው፤ ያ ክፍል ሲሞላ የአንድ አካባቢ ሰፈር ሆኖ ቁጭ ይላል። ይልቅ በየሴክሽኑ በአንድ ሁለት ክፍል አንድ አንድ አልጋ ክፍት መተው ይሻላል።

ድልድሉን የሚያፈርሰው ግን ቅያሪ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ ፕሮክተሩም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀትና ውስጥ የሚያድረው ሰው አይገናኙም፤ ሌሊት አንዱ ቢታመም ቤተሰቡን የምትፈልገው በሌላ ልጅ ስም ነው። ስለዚህ አንደኛው ሴሚስተር እስኪያልቅ ቅያሪ አይኖርም። ለታመመና ለአካል ጉዳተኛ ብቻ፣ በጽሑፍ፣ በተማሪዎች ዲን በኩል ይፈቀዳል። ዓይነ ስውራኑና በዊልቸር የሚሄዱት ከማንም በፊት ምድር ቤት ይመደባሉ።

ደግሞ ውሃው አለ። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ኖራው ቧንቧውን ከውስጥ እየጋገረ ያጠበዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ክር ያህላል። ጣሪያው ቀን ሲጠበስ ውሎ ማታ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል፣ በተደራራቢው አልጋ ላይኛው ላይ የተኛ ልጅ አያሸልብም። ውሃ የሚቀዳው ከምድር ሮቶ ነው። አንዱ ያመጣትን ጀሪካን ሌላው ታጥቦባት ያገኛታል። በጀሪካን የተጀመረ ጠብ ሲመሽ የብሔር ስም ይወጣለታል። ‹ከእነሱ ጋር አልኖርም› የሚል ማመልከቻ ሲመጣ ፕሮክተሮቹን መጀመሪያ ፎቁን እዩ እላቸዋለሁ። ፓምፑን አስፈትሸናል፣ የደፈነውን መስመር እያስቀየርን ነው፤ በዘጠኝ ቀን ማለቁን ግን እንጃ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ካርታው በደንብ ሲታደል አንድ ልጅ ብቻውን ይቀራል። አምስቱ የሚግባቡበትን ቋንቋ እሱ ገና አይችለውም፤ ለሱሁር ብቻውን ይነሳል ወይም ለጾሙ ብቻውን ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ እኔ ራሴ ፈርሜ ማስቀመጥ ከበደኝ። ቤተሰብ ደውሎ ‹ከአገሩ ልጅ ጋር አድርጉልኝ› ሲል ጥፋት አይመስለኝም፤ ልጁ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አንተ በምትሠራበት ግቢ ሁለት ሁለት እያደረግህ እንደምትደለድል ሰማሁ፤ ሁለት ከአንድ አካባቢ፣ ሁለት ከሌላ፣ ሁለት ከሌላ። እውነት ነው? ጥንዱን በምን ለየኸው? ብሔር የሚጠይቅ ቅጽ ማስሞላት አልፈልግም፣ መጠየቁ ራሱ ልጁን ይለያል። የተማረበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብጠቀም ይበቃል? ጥንዶቹስ ተጣብቀው ከአራቱ አይርቁም?

ስለ ሌላው ብዙ አልጽፍም። ደርቆ የነበረው ሐረማያ ሐይቅ ውሃ ይዟል፣ መጥተህ እንየው። ድልድሉ ሐሙስ ጠዋት ይታተማል፤ እስከ ረቡዕ ማታ ደውልልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ተቀይመህኝ ስልኩን ማንሳት ቢከብድህ እንኳ የምትደለድልበትን ቅጽ ብቻ ላክልኝ።

ወንድምህ ተስፋዬ