ይድረስ ለአቡሽ፣ ስለ ንቦቹ

ወንድሜ አቡሽ፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጠፋሁ ይቅር በለኝ፤ ሰበቡን ስንገናኝ አወራሃለሁ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ እህትህ የነገረችኝ ነው። ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ እያልክ ስትብሰለሰል በሰነበትክበት ሰሞን፣ ገፈርሳ ግቢህ ያለው ጽድ ላይ የንብ መንጋ ሰፈረ፣ አንተም «ምልክቴ ይኸው» ብለህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈሃል አሉ። አስገብተኸው ከሆነ እንግዲህ... ምን እላለሁ። ካላስገባኸው ግን ይህን አንብብልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ምልክት ብሎ ነገር የለም ልልህም አይደለም፤ ንብ ደጅ ሲመጣ ሲሳይ ነው ተብለን ያደግን ነን። ላሊበላንም ገና በጨቅላነቱ ንብ ሲከበው እናቱ ንግሥናውን አየችበት ይባላል። ያው ታሪክ ግን ዘውዱ ከስደትና ከመከራ በኋላ እንደመጣ ይተርካል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ካርል ዩንግም በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ ግጥምጥሞሽ ሲጽፍ፣ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላው መንስኤ ሳይሆን በትርጉም ይገጣጠማሉ ነው ያለው። ንቦቹ የመጡት በራሳቸው ምክንያት ነው፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ ቀፎ ይጠባል፣ አሮጊቷም ንግሥት ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ይዛ ትወጣለች። ትርጉሙን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ ለእኔ ዋጋ ያለውም እሱ ነው።

ካነማንና ክላይን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ2009 እ.ኤ.አ. በጋራ እንደጻፉት፣ የውስጥ ስሜት የሚታመነው ሥርዓት ባለው ነገር ላይ፣ ውጤቱን እያዩ ለረጅም ጊዜ ለተለማመዱት ሰው ነው። ስለዚህ «ቢሮው በቅቶኛል» ያለህን ልብ እመነው፤ ዓመታት ውለህበታል። «ንብ ያኖረኛል» የሚለው ግን ገና አልተፈተነም።

አሁን ወደ ቀፎው። ንቦቹ የዋህ የመሰሉህ ሆዳቸው በማር ስለሞላና የሚጠብቁት እጭ ስለሌላቸው ነው። ሰፈፍ ሠርተው ማሳደግ ሲጀምሩ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ልጆቹን ከአሁኑ አርቅ። የመጀመሪያውን ሳምንት አትነካካቸው። ከዚያ አንድ ሰፈፍ ቀስ ብለህ አንሳ፣ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግና ቀዳዳውን ወደ ታች ተመልከት። ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሰች ነጭ እንቁላል የቀዳዳው ወለል ላይ ቆማ ካየህ ንግሥቲቱ አለች። እየቆየ በአንድ ቀዳዳ ሦስት አራት፣ ግድግዳው ላይ ሁሉ ተለጥፎ ካገኘህ ግን ንግሥት የለችም፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ጀምረዋል ማለት ነው።

የእኛ ንብ ሲርበው ወይ ጉንዳን ሲያስቸግረው ጥሎ ይሄዳል። ቀፎውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርግ፣ የማስቀመጫውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁም። አበባ ሲጠፋ ስኳርና ውኃ እኩል በጥብጠህ ማታ ማታ ቀፎው ውስጥ አስቀምጥ፤ ቀን ከሰጠህ ሌሎች ንቦች ለዝርፊያ ይመጣሉ። ንቦችህ በሶም ሽሮም ይበላሉ። የሽግግር ቀፎ የምታሠራ ከሆነ፣ ሰፈፉ የሚንጠለጠልበት የላይኛው ርብራብ እያንዳንዱ እንጨት ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሰፋ ሰፈፉን አጣመው ከጎረቤቱ ያያይዙታል፣ ሳትሰብር አታነሳውም።

ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ነው የሚሰጠው፤ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20። ደመወዝህን በዚህ አስላው። ዘንድሮ የገባ መንጋ ደግሞ የኅዳሩን ማር ለራሱ ይፈልገዋል፣ አትቁረጥበት። የሚመጣው ዓመት ኅዳር እስኪደርስ ደመወዙ ይቆይልህ፤ ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም፣ ሄደህ ጠይቅ።

እ... ቅዳሜ ልምጣ? ከመጣሁ ማጨሻውንና ሁለት የፊት መሸፈኛ እይዛለሁ። አንተ ደረቅ ኩበት አዘጋጅ። ሽቶ አትቀባ፣ ጥቁር ልብስም አትልበስ፤ ደብዳቤውንም እስከዚያ መሳቢያህ ውስጥ አቆይልኝ።

ወንድምህ