ይድረስ ለሰይዶ፣ ደሴ

ሰይዶ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ሳንጻጻፍ ዓመታት ነጎዱ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ከአቦሉ ጋር እናወራርደዋለን። የቡናውን ሥርዓት ሳትቆርጥ በአንድ ቀረጻ ልታነሳ ማሰብህን ሰምቼ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የሶቪየቱን ፊልም ሠሪ ታርኮቭስኪን እንደምትወደው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1986 ያወጣቸው ረጃጅም ፊልሞች ሰባት ብቻ ናቸው። ሰዉ ዝግታውን ያደንቃል፤ እኔን የሚገርመኝ ዝግጅቱ ነው። «መሥዋዕት» በተባለው የመጨረሻ ፊልሙ ላይ ቤቱ እየነደደ ሳለ ካሜራው ተበላሸ። ቤቱን እንደገና ሠርተው በድጋሚ ሲያቃጥሉት ሁለት ካሜራ ተከሉ። አንተም ለሁለተኛ ቀረጻ የሚበቃ ቡና፣ ከሰልና ቀን አስቀምጥ። እንዲህ ያለ ቀረጻ በኤዲቲንግ አይታከምም፤ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሕፃን ሌንሱን ካየ ዘጠኙም ደቂቃ ሄደ።

በእሱ ዘመን 305 ሜትር የ35 ሚሊሜትር ፊልም በ11 ደቂቃ ገደማ ስለሚያልቅ የአንድ ቀረጻን ርዝመት ጥቅልሉ ይወስን ነበር። ያንተን ልክ ራስህ ወስን። ከአቦል እስከ በረካ አይሆንልህም። የተቆላው ጭስ ለእንግዶች ከሚዞርበት ተነስተህ ተወቅጦ ጀበና እስኪገባ ያዝ፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብትቀርጽ 10 ደቂቃው 7.5 ጊጋባይት ነው።

በሰከንድ 24 ፍሬም ስትቀርጽ ሹተሩን፣ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርገው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ አይርገበገብብህም። ፎከሱንም ብርሃኑንም በእጅ ቆልፍ። በአውቶ ከተውከው ቡና የምታፈላዋ ጎንበስ ባለች ቁጥር ካሜራው ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ሲፈልግ ይውላል። የጦሳ ተራራ ጉም በሩ ላይ ወርዶ ቤቱ ቢጨልም ግን እንዳትነካው፤ አውቶ ያንን ጨለማ አስተካክሎ ያጠፋብሃል፣ ፊልምህ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

ቄጤማ ከተጎዘጎዘ ከትራይፖዱ እግር ሥር ጥረገው፤ አለዚያ ቀስ እያለ ይንሸራተትና ፍሬሙ ያዘነብላል፣ ይህ የሚታይህ ደግሞ ቤት ገብተህ ነው። የድምፁን መጠን በጨዋታው ሳይሆን በሙቀጫው ለካ፣ ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ። አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ አይመለስም። ዱዓ ለሚያደርጉት አባት ለብቻ የደረት ማይክ ስጣቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ከፍ አድርጉ ማለትም ነውር ነው።

ካርዱን ሁለት ቦታ ሳትገለብጥ አታጥፋ። የመጀመሪያውን ቀረጻ ሳትቆርጥ ላክልኝ።

ሰላምታዬን ለቤተሰቡ በሙሉ፤

ወንድምህ