የመኪናው ካርታ አዲስ አበባን አያውቅም

ውድ አዘጋጅ፣

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ሻጮች ትልቁን ስክሪን እያሳዩ «ጂፒኤስ አለው» ይላሉ። አዎ፣ አለው። ግን ለቻይና ገበያ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ የተጫነው ካርታ የቻይና ነው። ጎረቤቴ በቅርቡ የገዛት መኪና ስክሪን ላይ ቀስቷ ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ቆማ ትታያለች። መንገድ የለ፣ ጽሑፉም ቻይንኛ። ድሮ ከጃፓን በመጡት ቶዮታዎችም ይህንኑ አይተናል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤስ ከሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ያለንበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረናል። መንገዱን የሚያውቀው ግን ካርታው ነው።

የአዲስ አበባ ካርታ ያለው መኪናም ቢሆን አያስተማምንም። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስንቱ ነገር እንደተቀየረ የታክሲ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ቢያንስ በኢንተርኔት ይታደሳል። መኪናው ላይ የተጫነው ግን የሚያድሰው ከሌለ እንደነበረ ይቀራል። ሾፌሩ እየነዳ ስክሪኑን ሲነካካ ደግሞ ዓይኑ ከመንገዱ ይነሳል። እግረኛ በሚበዛበት ከተማ ይሄ በጣም ያስፈራኛል።

አስመጪዎች ካርታው የየት አገር እንደሆነ፣ መቼ እንደታደሰና በምን ቋንቋ እንደሚሠራ ከሽያጭ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁን። ገዢዎችም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት መድረሻ አስገቡና ከቦሌ እስከ መርካቶ ነድታችሁ ሞክሩት።

አንድ አሽከርካሪ፣ ከአዲስ አበባ