ለጥያቄህ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ዝም ያልኩት ረስቼህ አይደለም፤ በደብዳቤህ መጨረሻ፣ በሜይፍላወር መርከብ አሜሪካ ስለገቡት እንግሊዛውያን የእምነት ስደተኞች የጣልክብኝን ጥያቄ በቅጡ ሳልመረምር ብዕር ማንሳት ከብዶኝ ነው። «ሆላንድ ውስጥ እንደ ልባቸው እያመለኩ ከኖሩ፣ ውቅያኖስ አቋርጠው አሜሪካ ድረስ ምን አስኬዳቸው?» ብለህ ነበር።

ከእንግሊዝ የሸሹበትን ምክንያት ታውቀዋለህ። ንጉሡ የሚመራትን ቤተ ክርስቲያን ትተው የራሳቸውን ጉባኤ ማቆም ወንጀል ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1593 ሄንሪ ባሮውና ጆን ግሪንውድ በዚሁ መንገድ በመሄዳቸው ተሰቅለዋል። እነዚህ የስክሩቢ መንደር ምእመናን በ1608 ወደ አምስተርዳም ኮበለሉ፤ በዓመቱም ላይደን ወደምትባል ሌላ የሆላንድ ከተማ ገቡ።

ላይደን ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው አልነበረም። ነገር ግን እርሻ የለመዱት ሰዎች በባዕድ ከተማ የሽመናና የሱፍ ሥራ ጉልበታቸውን ጨረሰው። ከመካከላቸው የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ እንደጻፈው፣ ልጆቻቸው ሳይጠነክሩ ከወላጆቻቸው ሸክም ሥር ገብተው ይጎብጡ ነበር፤ ከፍ ያሉትም አንዳንዶቹ ወታደር፣ አንዳንዶቹ መርከበኛ እየሆኑ ከቤት ወጡ። የሆላንድና የስፔን የ12 ዓመት ዕርቅ በ1621 ማብቃቱም ያሰጋቸው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችን እንግሊዝኛቸውንና እንግሊዛዊነታቸውን ያጣሉ ብለው ፈሩ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ተቀመጥሁ። እኔም እዚህ ቦስተን ልጄን በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለችና፣ ያን ፍርሃት ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ለልጆቻቸው ብለው የሄዱት ሰዎች ሁሉንም ልጆች ይዘው አልሄዱም። ብራድፎርድና ሚስቱ ዶሮቲ ትንሹን ልጃቸውን ጆንን ሆላንድ ትተውት ነበር። በሴፕቴምበር 1620 ሜይፍላወር 102 ተሳፋሪዎችን ይዛ ተነሣች፤ እነዚህም ሁሉ የእምነት ስደተኞች አልነበሩም። መንገድ ላይ ማዕበል የመርከቧን ዋና አግዳሚ በሰነጠቀው ጊዜ፣ ተሳፋሪዎቹ ከሆላንድ ባመጡት ትልቅ የብረት ማጥበቂያ ደግፈው ወደ ቦታው መለሱት። ከ66 ቀን በኋላ ኬፕ ኮድ ከሚባለው የአሜሪካ ጠረፍ ደረሱ። ብራድፎርድ የሚሰፍሩበትን ቦታ ሊፈልግ በሄደበት ዶሮቲ ከቆመችው መርከብ ባሕር ውስጥ ወድቃ ሞተች፤ ልጇን ዳግመኛ አላየችውም። እስከ ፀደይ ድረስ ከተሳፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ አልቀዋል።

የሰፈሩበትና ፕሊማውዝ ያሉት ቦታ ባዶ መስሎ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ከ1616 ጀምሮ በገባ ወረርሽኝ ያለቁባት ፓቱክሴት የምትባል መንደር ነበረች። ቲስኳንተም የዚህች መንደር ልጅ ነው። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ አፍኖ ስፔን ወስዶ ሸጠው፤ እንደ ምንም በለንደን በኩል አድርጎ በ1619 ሲመለስ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሉም። በ1621 ፀደይ እንግሊዞቹን በቆሎ ከዓሣ ጋር እንዲዘሩ ያስተማራቸው እርሱ ነው፤ ያስተማራቸውም በራሱ ወገኖች እርሻ ላይ ነው። እነርሱ እግዚአብሔር የላከልን ሰው ነው አሉ። እኔ ግን የእርሱን ሐዘን ለእነርሱ የተላከ በረከት ብሎ መጥራት ከቶ አልሆንልህ አለኝ።

ስደት የቀመሰ ሰው ሌላውን አያሳድድም ብለን እንከራከር የነበረውንም አልረሳሁትም። በዚያ ክርክር ተሳስቼ ነበር። ከ1630 ጀምሮ ማሳቹሴትስን የሞሉት ፒዩሪታኖች፣ ማለትም የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ማጥራት የፈለጉት ምእመናን፣ ከፕሊማውዞቹ የተለየ ጉባኤ ቢሆኑም፣ እነርሱም ስለ አምልኳቸው ባሕር የተሻገሩ ናቸው። ሆኖም መንግሥት በኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም ያለውን ሮጀር ዊልያምስን በ1635 እንዲባረር ፈረዱበት፤ እርሱም በዓመቱ የፕሮቪደንስን ከተማ መሠረተ። ኩዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን የሆነችውን ሜሪ ዳየርን ደግሞ በ1659 ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋር ለስቅላት አወጧት። የሚናገሩት እንዳይሰማ ከበሮ እየተመታ ሁለቱ ዓይኗ እያየ ተሰቀሉ፤ እርሷ ገመዱ አንገቷ ላይ ከገባ በኋላ ምሕረት ተደርጎላት ከአገር ተባረረች። በዓመቱ ኩዌከሮችን በሞት እያስፈራራ የሚያባርረውን ሕግ ልትቃወም ተመለሰች፤ ያን ጊዜ ሰቀሏት።

ዛሬ በዚሁ በቦስተን፣ በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ሐውልቷ አለ፤ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጄን ወስጄ አሳየኋት፤ ማን እንደሆነች በአማርኛ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ለምን ተመለሰች?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። የምመልስላትን አንተም አስበህ ጻፍልኝ።

አክባሪህ ወዳጅህ