ለአባባ፣ ከፓሪስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ቁርጥ እርስዎን ነው፤ አይቆጡኝ።

የዓይን ሞራውን ሕክምና አሁንም «ከፋሲካ በኋላ» ብለዋል አሉ። የየትኛው ዓመት ፋሲካ ነው?

የእርስዎን የዩጎዝላቪያ ፊልም ሠሪ፣ የአሌክሳንደር ፔትሮቪችን ፊልም በቀደም እዚህ ሲኒማ ቤት አየሁት። «ላባ ሰብሳቢዎቹ» ሲጀምር እኔ ቡና ላይ የሰማሁትን ሁሉ እየጠበቅሁ ነበር፦ በሰሜን ሰርቢያ ያለችው የቮይቮዲና ዝይ ላባ ነጋዴዎች፣ ጭቃው፣ በገዛ ቋንቋቸው የሚያወሩት ሮማዎች (ሰው «ጂፕሲ» የሚላቸው)። ያ ሲላጩ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ለካ የነሱ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲሸለም ቤልግሬድ ተማሪ ስለነበሩ፣ ሽልማቱን የራስዎ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ፔትሮቪች እዚሁ ፓሪስ በ1929 ተወልዶ በ1994 እዚሁ መሞቱን ግን አልነገሩንም። ፕራግ የጀመረውን የፊልም ትምህርት የዩጎዝላቪያው ቲቶና ስታሊን ሲጣሉ አቋርጦታል። በ1973 ደግሞ ተማሪው ላዛር ስቶያኖቪች የሠራው የምረቃ ፊልም መንግሥትን አስቆጣ፤ ልጁ ታሰረ፣ መምህሩ ፔትሮቪች ከአካዳሚው ተባረረ። ይህን ሰምተው ኖሯል?

እሱ በሌላ ሰው ልጅ ፊልም እንጀራውን አጣ። እርስዎ የገዛ ልጅዎን የፊልም ትምህርት ማመልከቻ ቀደዱት። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አሉኝ። ይኸው የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩልዎ። ያስተማሩኝን አልካድኩም። ግን ምክንያቱ አጎቴ ከሆነ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለው ካሜራው ከሆነ፣ ያንኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

«ሦስት» የሚለውን ፊልሙንም አየሁ፤ የ1965ቱን። አንዱ ሰው በጦርነቱ ሦስት ጊዜ ከሞት ጋር ይገናኛል። ባቡር ጣቢያው ላይ ንጹሑ ሰው ሲረሸን ቆሞ የሚያይበትን፣ ጀርመኖች የሚያሳድዱትንም በቃልዎ ነበር የሚተርኩልን። ሦስተኛውን አንድም ቀን አላወሩትም። በሦስተኛው አሸንፏል፣ ሥልጣን አለው፤ ሞት የሚጠብቃትን ወጣት በመስኮት ያያታል። ሊያድናት ይፈልጋል። አላዳናትም። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት አየሁት፣ አላውቅም፤ እርስዎን እያሰብኩ ነበር።

አልፈርድብዎትም፤ መስማት ነው የምፈልገው። በሐምሌ ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ፤ ሞራው ከተነሳልዎ ሦስተኛውን ክፍል አብረን እናየዋለን። እስከዚያ የግፊት ክኒንዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። የሕክምናውን ገንዘብ ለእህቴ ልኬያለሁ፤ ለጣራ ቆርቆሮ እንዳያውሉት።

ልጅዎ