በሠንጠረዡ ውስጥ ያለችው ዜሮ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአገሮችን የመገናኛ ብዙኃን ይዞታ በደረጃ አስቀምጣችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔ አታሎኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። አላታለለኝም። «የታሰሩ ጋዜጠኞች» በሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ የተጻፈላቸውን አገሮች ዘጋቢያችሁ በሙሉ «ጤናማ» ብሏቸዋል። ጠቤ ከዚህች ዜሮ ጋር ነው።

ቁጥሩ የተወሰደው ለጋዜጠኞች የሚሟገተው ድርጅት ሲፒጄ በየዓመቱ ከሚያወጣው የታሳሪዎች ቆጠራ እንደሆነ ተጽፏል። ቆጠራውን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን የሚመዘግበው ዲሴምበር 1 ቀን በመንግሥት እጅ ያሉትን ብቻ ነው። ድርጅቱ ይህን አልደበቀም። ከዚያች ቀን በፊት የተፈታ አይቆጠርም። በታጣቂዎች የተያዘ፣ ደብዛው የጠፋም አይቆጠርም። እኔ በመጋቢት ታስሬ በሐምሌ ተፈትቻለሁ። አራት ወር ሙሉ ልጄን ያየኋት በሽቦ አጥር ማዶ ነው። በእናንተ ሠንጠረዥ ግን ዜሮ ነኝ። ይህ ከሙያ ባልደረባ ብዕር ሲመጣ ያማል።

እስርስ ቢያንስ ስም አለው። ተፈትቼ ወደምሠራበት የአካባቢ ሬዲዮ ስመለስ የገጠመኝን ግን የሚቆጥረው የለም። የጣቢያው ገቢ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከአንድ አስተዋዋቂ ድርጅት ነበር። የዚህ ድርጅት ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዝ እንደሚለቅ የሚያሳይ ዜና ሠራሁ፤ የነዋሪዎቹ ድምፅ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የድርጅቱ ምላሽ፣ ሁሉም ነበረበት። ስርጭት ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ስቱዲዮ ገባ። ወረቀቱን ከፊቴ አነሣ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወጣ። አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። በዜናው ቦታ ሙዚቃ ተለቀቀ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለዚያ ወንዝ የሚጠይቅ ሪፖርተር በጣቢያው አልተገኘም፤ ወረቀት ማጠፍም አላስፈለገም።

ዘጋቢያችሁ ቢፈልግ ይህን የሚመዝን መለኪያ ባላጣ ነበር። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ 180 አገሮችን የሚመዝነው በፖለቲካ፣ በኢኮኖሚ፣ በሕግ፣ በማኅበረሰባዊና ባህላዊ ሁኔታ እንዲሁም በጋዜጠኞች ደህንነት ነው። በ2025 ሪፖርቱ አጥብቆ ያስጠነቀቀው ስለ ኢኮኖሚው ጫና ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣቸው መለኪያዎችም የመገናኛ ብዙኃኑ ባለቤት ማን እንደሆነ በግልጽ መታወቁን ይጠይቃሉ። ከዚህ ሁሉ እናንተ «ጤናማ» ለማለት የመረጣችሁት የእስረኛ ቁጥር ብቻ ሆነ! ለመሆኑ መገናኛ ብዙኃኑ በሙሉ የመንግሥት በሆነበት እንደ ሰሜን ኮሪያ ባለ አገር የሚታሰር ነጻ ጋዜጠኛ ከየት ይመጣል? ሰሜን ኮሪያ በድንበር የለሽ ቡድኑ የ2025 ደረጃ ከ180 አገሮች 179ኛ ነበረች።

በዚያው ገጽ የዚሁኑ ቡድን የ2021ንና የ2025ን ደረጃ አነጻጽራችሁ «መሻሻል» ማለታችሁም ስሕተት ነው። የአመዛዘኑ ዘዴ በ2022 ስለተለወጠ፣ የቀድሞውን ደረጃ ከአዲሱ ጋር በጥንቃቄ ካልሆነ እንዳታነጻጽሩ ቡድኑ ራሱ አሳስቧል።

አስተያየት የሰጡትን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም የትልልቅ ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አዘጋጆች ናቸው። በሦስት ሰው የሚንቀሳቀስ፣ በአንድ አስተዋዋቂ ቁጣ የሚዘጋ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ አንድም ሰው አልተጠየቀም። በየመንደሩ ያለው ሕዝብ የሚያዳምጠው ግን እነዚህን ጣቢያዎች ነው። እኛ ከመገናኛ ብዙኃን አንቆጠርምን?

«ጤናማ» የሚለው ቃል ከዚያ ዓምድ እንዲወጣ፣ ቆጠራው የአንድ ቀን መሆኑም በግልጽ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ያልወሰደው የዜናው ቅጂ ዛሬም ቤቴ አለ። ዘጋቢያችሁ ሊያነበው ከፈለገ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሬዲዮ ዜና አዘጋጅ